ከዙፋን ችሎት እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል በነበረበት አገር የመንግሥትን ሥልጣን ከፋፍሎ ለተለያዩ እጆች መስጠት ቀላል ሥራ አልነበረም። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ሕግ ተርጓሚ የሚባሉትን ሦስቱን ዛሬ በተማሪ መጽሐፍ ጎን ለጎን ተደርድረው ስለምናገኛቸው አብረው የተወለዱ ይመስለናል። በኢትዮጵያ ግን እንዲያ አልሆነም። መጀመሪያ ሚኒስትሮች መጡ። ምክር ቤት ከእነሱ ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ ተከተለ። ፍርድ ቤት ከገዥ ተለይቶ ለመቆም የጀመረው ትግል ደግሞ ከሁሉም የረዘመ ሆነ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው በቁርጥራጭ ነው፤ የ1923 ሕገ መንግሥት፣ ደርግ፣ ሸንጎ፣ አንቀጽ 39 እያልን። ቁርጥራጩን የሚያገጣጥመው አንድ ጥያቄ ይመስለኛል፤ ነገር ከሮ ከሮ ጫፍ ሲደርስ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነበር?

እስከ 1900 ዓ.ም.፦ ገዥም ዳኛም አንድ ሰው

በጥንቱ ሥርዓት ገዥነትና ዳኝነት ወሰን አልነበራቸውም። ራሱም ደጃዝማቹም በተሾመበት አገር ግብር ያስገብራል፣ ጦር ያዘምታል፣ ችሎት ያስችላል። በጭቃ ሹሙ ፍርድ ያልረካ ባለጉዳይ ወደ ምስለኔው፣ ከዚያ ወደ አገረ ገዥው፣ አቅምና ስንቅ ካለው ደግሞ እስከ ቤተ መንግሥት ድረስ ይግባኝ ይል ነበር። በቤተ መንግሥቱ አፈ ንጉሡ በንጉሡ ስም ይፈርዳል። ከአፈ ንጉሡም በላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚቀመጡበት ዙፋን ችሎት ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ፈጣሪ ብቻ ነው።

ይህ ሲባል ንጉሡን የሚይዘው ነገር አልነበረም ማለት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን፣ የመኳንንቱ ጉልበትና የአገር ልማድም ነበሩ። ንጉሥ የሚፈራው ነገር ብዙ ነው። የሚያስገድደው ቋሚ ተቋም ግን አልነበረም።

ከአድዋ ድል በኋላ የግዛቱ ስፋትና የሥራው ብዛት በአንድ ሰው ትከሻ የሚሸከሙት አልሆነም። የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ስልክና ቴሌግራፍ ተዘርግቷል፤ የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ ደርሷል። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ኢትዮጵያ ጥቅማቸውን የሚከፋፈሉበትን ውል ተፈራረሙ። የምኒልክም ጤና መታወክ ጀምሮ ነበር። ንጉሡ ቢያልፉ መንግሥቱ ምን ይሆናል የሚለው ሥጋት ከግቢው ውጭም ይሰማ ነበር።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ደግሞ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። የፍርድ ሚኒስትሩ ያው የቀድሞው አፈ ንጉሥ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ሥራው በክፍል በክፍል ተለየ፤ ሥልጣኑ ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

የእነዚህ ሚኒስትሮች ተጠያቂነት የተፈተነው ከምኒልክ ሞት በኋላ ነው። ልጅ ኢያሱ በ1909 መስከረም ከወረዱ በኋላ ዘውዱ ወደ ንግሥት ዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱና እንደራሴነቱ ወደ ራስ ተፈሪ ሄደ። በ1910 ዓ.ም. የመሀል ሰፋሪ ጦር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ ይነሱልን አለ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀርም ተነሡ። አንድ የኢትዮጵያ ካቢኔ ከዙፋኑ ውጭ ባለ ኃይል ተጠይቆ ሲወርድ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጠያቂው ምክር ቤት ቢሆን ኖሮ ታሪካችን ሌላ መልክ በያዘ ነበር፤ ጠያቂው ጠመንጃ የያዘ ሠራዊት ነበር። ከ56 ዓመት በኋላ ይኸው ነገር በባሰ መልኩ ይመለሳል።

1923፦ በፈቃድ የተሰጠ ሕገ መንግሥት

ተፈሪ፣ በኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ሁለት ችግር ከፊታቸው ነበር። በውጭ በኩል በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነች አገር በሕግ የምትተዳደር መሆኗን ማሳየት ይገባታል። በውስጥ ደግሞ የየአውራጃው ባላባት ግዛቱን ከአባቱ የወረሰው እንጂ ከአዲስ አበባ የተሰጠው አድርጎ አያይም።

ሕገ መንግሥቱን እንዲያረቅ የተመረጠው በሩሲያ የተማረው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበር። እንደ መነሻ የወሰደው የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው፤ ምርጫውም ያስኬዳል። ጃፓን ንጉሠ ነገሥቷን ሳትነካ፣ ሃይማኖቷን ሳትተው የአውሮፓን ኃያል መንግሥት በጦር ሜዳ ያሸነፈች አገር ነበረች። የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ምሁራን ዓይናቸውን የጣሉባትም ለዚህ ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። ሁለት ምክር ቤት አቋቋመ። የሕግ መወሰኛው አባላት ከመኳንንቱ መካከል በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ። ምክር ቤቶቹ የሚመክሩት በቀረበላቸው ጉዳይ ላይ ነው፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ሕግ የሚሆን ነገር የለም። ዳኞችን የሚሾሙት ንጉሡ፣ ዳኞቹ የሚፈርዱትም በንጉሡ ስም ነው። የበላይ ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ መሆኑን ሰነዱ በግልጽ ጽፎታል። ሰጪው እሳቸው፣ የተሰጠውም በፈቃዳቸው ነው።

ታዲያ ምን ለወጠ? ብዙ ጸሐፊዎች ሰነዱን ጌጥ አድርገው ያልፉታል፤ እኔ ግን አልስማማም። የክፍለ ሀገሩ መኳንንት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሲሆን ከግዛቱ ተነሥቶ አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ ከጦሩና ከሕዝቡ ይርቃል። አዋጅ የሚያወጣው ማዕከሉ ብቻ ሆነ። የ1923 ሕገ መንግሥት የንጉሡን ሥልጣን ለሌሎች አላካፈለም፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትኖ የኖረውን ሥልጣን ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ አመጣው። በኋላ የመጣው ሁሉ ክፍፍል የተጀመረው ከዚህ ከተሰበሰበው ነው።

1933–1947፦ ጋዜጣ፣ ፍርድ ቤትና ጸሐፌ ትእዛዝ

ፋሺስት ኢጣሊያ አምስት ዓመት የአገሩን አስተዳደር አፍርሳ ወጣች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ሲመለሱ መንግሥት ከመሠረቱ እንደገና መቆም ነበረበት፤ እንግሊዞችም በአገሩ ነበሩ። በጥር 1934 የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት የአገሪቱን ፍርድ ቤቶች አደረጃጀት ጭምር የሚነካ ነበር።

በዚያው ዓመት ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። የዚህን ጥቅም ማሳነስ አይገባም። ከዚያ በፊት አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ መሐል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቁጥር፣ ቀንና አንቀጽ ያለው ጽሑፍ ሆነ። ዳኛውም ባለጉዳዩም አንድ ጽሑፍ ላይ መከራከር ቻሉ። ወዲያው የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ በአፈ ንጉሡ የሚመራ ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ከሥሩም ከፍተኛ ፍርድ ቤትና የጠቅላይ ግዛት ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። በከፍተኛው ፍርድ ቤት የውጭ አገር ዳኞችም ተሰየሙ። በየጠቅላይ ግዛቱ ግን አገረ ገዥው ራሱ በችሎት መሰየሙ አልቀረም።

በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣንና ተግባር የሚወስን ትእዛዝ ወጣ። በወረቀት ላይ የበላዩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኰንን እንዳልካቸው ነበሩ። የመንግሥቱ ቁልፍ ግን በጽሕፈት ሚኒስትሩ በጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እጅ ሆነ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ የንጉሡ ቃል ወደ ጽሑፍ የሚለወጠው በእሳቸው በኩል ነው። ሥልጣን ከአንድ ሰው በሚፈልቅበት ሥርዓት ከማዕረግ ይልቅ ለምንጩ መቅረብ ይበልጣል። በ1947 ዓ.ም. ከሥልጣናቸው ተነሥተው ወደ ጠቅላይ ግዛት ሲላኩ የተነሡበትን ምክንያት እንዲያስረዳ የተጠየቀ አንድም ምክር ቤት አልነበረም።

1948፦ የኤርትራ መስተዋት

የቀጣዩ ለውጥ ምክንያት ከሰሜን መጣ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር የራሷን ሕገ መንግሥት ይዛ ነበር። የተመረጠ ምክር ቤት፣ ምክር ቤቱ የሚመርጠው ዋና አስተዳዳሪ፣ ራሳቸውን የቻሉ ፍርድ ቤቶች ነበሯት። ታናሽቱ የተመረጠ ምክር ቤት ሲኖራት ታላቂቱ በሹመት ምክር ቤት መቀጠሏ ለማንም የሚደበቅ አልነበረም።

የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግሥናው 25ኛ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን፣ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ወጣ። በዝግጅቱ አክሊሉ ሀብተ ወልድና አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። 131 አንቀጾች ያሉት ይህ ሰነድ ሁለት ልብ አለው። በአንድ ልቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ፣ ዳኞች በሥራቸው ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግም ውሳኔም ዋጋ አይኖረውም ይላል። በሌላው ልቡ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸውም የማይደፈር ነው ይላል። ሚኒስትሮችን፣ ዳኞችንና የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚሾሙት እሳቸው ናቸው፤ ምክር ቤት በማይሰበሰብበት ጊዜም ድንጋጌ ያወጣሉ።

ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ምርጫ ተደረገ። ስንዱ ገብሩ የተመረጡት ያን ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ፓርቲ አልተፈቀደም። ለዕጩነት የንብረት መስፈርት ነበረ። ስለዚህ ወደ ምክር ቤቱ በብዛት የገባው ባለመሬት ነው። ያ ምክር ቤት አንገቱን ቀና ያደረገበት ጊዜ አልነበረም ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን የሚያሻሽል ረቂቅ ሲቀርብለት አላሳለፈውም። አሳዛኙ ነገር ምክር ቤቱ ሕግ አስፈጻሚውን እምቢ ማለት የተማረው የገበሬውን መብት ለመያዝ ሲል መሆኑ ነው። ነፃነቱን ያገኘበት ጉዳይ መቃብሩን ከቆፈሩት ጉዳዮች አንዱ ሆነ፤ «መሬት ለአራሹ» ያለው ተማሪ ከፓርላማ መፍትሔ መጠበቅ ትቶ ነበርና።

ዙፋን ችሎት በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀጠለ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ዘመናዊ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ይግባኙን የጨረሰ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ችሎት አቤት የሚልበትን በር አልዘጋም። ሕዝቡም በሩን ይወደው ነበር። ጠበቃ የማይገዛ ድኻ ንጉሡ ፊት ቆሞ የመናገር ተስፋ ነበረው። ለዳኛው ግን የሰጠው የመጨረሻ ፍርድ መቼም የመጨረሻ እንዳይሆን አድርጎታል።

የታኅሣሥ 1953 የነዋይ ወንድማማቾች መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ለውጥ በጥቂት በጥቂቱ ተሰጠ። በ1958 ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። የኤርትራ ምክር ቤት ግን ቀደም ብሎ በኅዳር 1955 ተዘግቶ ነበር፤ መስተዋቱ ተሰበረ።

1966–1979፦ አዋጅ በሰፈር፣ ፍርድ በሰፈር

የካቲት 1966 የአክሊሉን ካቢኔ ጣለ። በተተኪው ጠቅላይ ሚኒስትር በእንዳልካቸው መኰንን ጊዜ የተቋቋመ የሕገ መንግሥት ጉባኤ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ ረቂቅ አዘጋጀ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፓርላማ የሚመረጥበትና ለፓርላማ የሚጠየቅበት፣ ንጉሡ ለክብር የሚቀመጡበት ሥርዓት ነበር። ረቂቁ በነሐሴ 1966 ደረሰ። የሚያጸድቀው አካል ግን ከወር በኋላ አልነበረም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን አወረደ፣ ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ፓርላማውን ዘጋ፤ ይግባኝ የሌለው ልዩ የጦር ፍርድ ቤትም አቋቋመ። ሕግ የሚያወጣውም የሚያስፈጽመውም ያው የወታደሮች ስብስብ ሆነ። ኅዳር 14 ቀን ምሽት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ምንም ፍርድ ተገደሉ፤ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ ሁለቱም የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ከእነሱ መካከል ነበሩ። ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ያቋቋመው መንግሥት ያን እንኳ መጠቀም አላስፈለገውም። በዚያች ሌሊት የሰው ሕይወት በእጅ ብልጫ በሚወሰንበት ስብሰባ ተወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሥልጣንን የሚመልስ አጥር አልተገኘም።

በ1967 መጨረሻ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎችን አመጣ። ሐሳቡ በራሱ መልካም ጎን ነበረው፤ ለትንሽ ክርክር ፍርድ በሰፈር፣ በጎረቤት ዳኛ ይሰጥ የሚል። ቀይ ሽብር ሲመጣ ግን ይኸው ቀበሌ መርማሪም፣ አሳሪም፣ «ነፃ እርምጃ» ወሳጅም ሆነ። ከጭቃ ሹሙ የከፋ ነበር ብል አላጋነንኩም። ከጭቃ ሹሙ ይግባኝ ይባል ነበር።

1979–1983፦ ሸንጎ

በጥር 1979 ሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት የሥልጣን ክፍፍልን ከነሐሳቡ አልተቀበለም። ሁሉም ሥልጣን ከብሔራዊ ሸንጎ ይመነጫል፤ መንግሥቱንም ኅብረተሰቡንም የሚመራው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ነው። 835 አባላት ያሉት ሸንጎ የሚሰበሰበው አልፎ አልፎ ስለነበር በመካከሉ የመንግሥት ምክር ቤቱ ይሠራል። ፕሬዚዳንቱ፣ የመንግሥት ምክር ቤቱ ሰብሳቢ፣ የጦሩ ዋና አዛዥና የፓርቲው ዋና ጸሐፊ አንድ ሰው፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ሲወጡ ሥርዓቱ ከሳምንት በላይ አልቆየም።

1983–1987፦ ማን ይተርጉመው?

በሐምሌ 1983 የጸደቀው የሽግግር ቻርተር 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት አቋቋመ፤ በክፍሌ ወዳጆ የሚመራ የሕገ መንግሥት ኮሚሽንም ረቂቅ ማዘጋጀት ጀመረ። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን በሥራ ላይ ዋለ።

በ106ቱ አንቀጾች ውስጥ ሕዝቡ በብዛት የተከራከረበት አንቀጽ 39 ነው። የሥልጣን ክፍፍሉ ማጠፊያ ግን አንቀጽ 83 ነው ብዬ አምናለሁ። ሕገ መንግሥቱ ሲያከራክር ማን ይተርጉም በሚለው ላይ ሦስት መንገድ ነበረ፤ መደበኛ ፍርድ ቤት፣ ልዩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፣ ወይም የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት። ሦስተኛው ተመረጠ። ምክንያቱም በአንቀጽ 8 የሥልጣን ባለቤት የተባሉት ብሔር ብሔረሰቦች ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ የእነሱ ቃል ኪዳን ከሆነ የሚፈቱት እነሱ እንጂ ያልተመረጡ ዳኞች አይደሉም ተባለ። የንጉሡ ዘመን ፍርድ ቤትም የደርጉም ያተረፈው አመኔታ አልነበረም፤ ይህ ለምርጫው ሳያግዝ አልቀረም። ፍርድ ቤቱን ከማጠንከር ይልቅ ያለፈውን ድካሙን አይቶ ትልቁን ሥራ ከእጁ መውሰድ ግን ድካሙን ማጽናት ነበር።

የቀረው አደረጃጀት የፓርላማ ሥርዓት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከአባላቱ ይመርጣል፤ ፕሬዚዳንቱ ለስድስት ዓመት ይመረጣል፣ ሥልጣኑም የክብር ነው። ፍርድ ቤቶች ነፃ ናቸው፤ በጀታቸውንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቀጥታ ለምክር ቤቱ ያቀርባል።

1987–2010፦ ሦስት ቤት፣ አንድ ፓርቲ

አዲሱ ፍርድ ቤት ታሪካዊ ሥራ ሠርቷል። የደርግ ባለሥልጣናት ክስ ከ1987 ጀምሮ ለዓመታት ተሰምቶ በታኅሣሥ 1999 ጥፋተኝነት ተፈረደ፤ በኅዳር 14 ፍርድ የተነፈጉት ሰዎች ጉዳይ በመጨረሻ ችሎት ፊት ተነገረ።

የሥርዓቱ ወሰን የታየው ግን በ1993 ነው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲቀርቡ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዘች። ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። ምክር ቤቱም በጥድፊያ የሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና እንዳይሰጠው ሕግ አወጣ። ሦስቱም የመንግሥት አካላት በወረቀት የተሰጣቸውን ሥራ ሠርተዋል ማለት ይቻላል፤ ዳኛዋ አዘዘች፣ ፖሊስ ያዘ፣ ፓርላማ ሕግ አወጣ። ሁለቱን በአንድ አቅጣጫ ያንቀሳቀሳቸው ግን ከሦስቱም ውጭ ያለው ገዥው ፓርቲ ነበር።

በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547ቱ መቀመጫ ብዙ ሲያሸንፉ ምክር ቤቱ ሕያው ሊሆን ነው የሚል ተስፋ አጭር ጊዜ ኖረ። ውጤቱ ያስነሳው ቀውስ በደምና በእስር አለቀ። በ2002 ከገዥው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጭ የተመረጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። በ2007 ማንም አልነበረም። አስፈጻሚውን ሊቆጣጠር የተቀመጠ ምክር ቤት በፓርቲ ዲሲፕሊን በአስፈጻሚው ቁጥጥር ሥር ዋለ። ጸጥ ባለው ማዕዘን ደግሞ ፍርድ ቤቱ አንድ ጉልበት አገኘ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በሁሉም ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ሆነ።

ከ2010 ወዲህ፦ ጥያቄው ወደ ቀድሞው በር ሲመለስ

በ2011 ዓ.ም. ሳህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ዋስትና የፈቀደችው ብርቱካን ሚደቅሳ ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። በ2013 የፍርድ ቤቶችንና የዳኝነት አስተዳደሩን ነፃነት የሚያጠናክሩ ሁለት አዋጆች ወጡ።

ከዚያ በፊት ግን 2012 መጣ። ኮሮና ምርጫውን አስተላለፈ፤ የምክር ቤቶቹ ዘመን ሲያልቅ ማን ያስተዳድራል የሚለውን ሕገ መንግሥቱ በግልጽ አይመልስም። ጉዳዩ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተላከ፤ የሕግ ባለሙያዎች ክርክር በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ኢትዮጵያዊው በየቤቱ ተቀምጦ ስለ ሥልጣን ምንጭ የሕግ ሙግት ሲሰማ ከዚያ በፊት አላስታውስም። ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምክር ቤቶቹን የሥልጣን ዘመን አራዘመ፤ አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ከሁለት ቀን በፊት ለቅቀው ነበር። ውሳኔውን ያልተቀበለው የትግራይ ክልል በጳጉሜን የራሱን ምርጫ አካሄደ። ምክር ቤቱ ምርጫውን ሕገ ወጥ አለው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነት ተጀመረ። ሁለቱም ወገን በአንድ ሕገ መንግሥት ስም ይናገሩ ነበር፤ ሁለቱም እንደ ገለልተኛ ዳኛ የሚያምኑት ተቋም ግን አልነበረም።

በጥር 2015 መዓዛ አሸናፊ ሥራቸውን ለቀቁ። ተተኪውን ቴዎድሮስ ምሕረትን በአንቀጽ 81 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቀረቡ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሾመ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በአንቀጽ 82 መሠረት የአጣሪ ጉባኤው ሰብሳቢም ናቸው፤ ጉባኤው 11 አባላት አሉት። ትርጉም ያስፈልገዋል ያለውን ክርክር አጥንቶ የውሳኔ ሐሳቡን የሚያቀርበው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሚወስነውም ምክር ቤቱ ነው።